ያረጀ የቆዳ ቦርሳ ቀለም ሲላጥ፣ ሲለቅና ሲጣበቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የቆዳውን ዓይነት በውኃ ጠብታ መለየት፣ ማንኛውንም ፈሳሽ በማይታይ ቦታ አስቀድሞ መሞከር፣ ዘለበቱንና ዚፑን በወረቀት ፕላስተር መሸፈን፤ እነዚህ ሥራውን ለጀመረ ሰው የታወቁ ስለሆኑ አንመለስባቸውም። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ ስለሚበላሸው ነው። ለሁሉም ችግር እኩል ቦታ አልተሰጠም። ታድሰው ሄደው የሚመለሱ ቦርሳዎች በብዛት የሚመለሱት በአንድ ዓይነት ብልሽት ስለሆነ ሰፊው ክፍል ለእሱ ነው።

አዲሱ ቀለም በሳምንታት ውስጥ ይላጣል

መጀመሪያ የሚነሣው እጀታው፣ ማዕዘኖቹና ክዳኑ የሚታጠፍበት መስመር ላይ ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ይወቅሳል፤ ሌላ ቀለም ተገዝቶ ከላይ ይደገማል፤ እሱም ይላጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ያለው ከቀለሙ ሥር ነው።

የተላጠውን ቅርፊት አትጣሉት። ገልብጣችሁ በብርሃን እዩት፤ መንስኤው ጀርባው ላይ ይነበባል። ጀርባው ንጹሕና የሚያንጸባርቅ ከሆነ ቀለሙ ከመጀመሪያውም አልያዘም፤ ከሥሩ ሰም፣ ዘይት ወይም ሲሊኮን አለ ማለት ነው። የድሮው ቀለም ጀርባው ላይ ተለጥፎ ከመጣ አዲሱ አሮጌውን ይዟል፣ አሮጌው ግን ቆዳውን ለቋል። ምንም ሳይነሣ እጥፋቱ ላይ ብቻ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ወይ ቅቡ ወፍሯል ወይ ቀለሙ የቆዳ ቀለም አይደለም። በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት ከወጣ ደግሞ ቀለሙ በውኃ ከልክ በላይ ቀጥኗል፣ በብርድ ደርቋል፣ ወይም የላይ ማሸጊያ (ቀለሙን የሚጠብቀው የመጨረሻው ቅብ) አልተቀባም። በውኃ የተሠራ የቆዳ ቀለም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ በደንብ አይዋሃዱም። ሲያዩት የደረቀ ይመስላል፤ ሽፋኑ ግን አቅም የለውም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበዛው የመጀመሪያው ነው። 20 እና 30 ዓመት የቆየ ቦርሳ በዕድሜው ያልተቀባው ነገር የለም። የጫማ ቀለም ተቀብቷል፤ የጫማ ቀለም በአብዛኛው ሰም ነው። በፈጣን ማብረቂያ ስፖንጅ ተወልውሏል፤ ስፖንጁ ሲሊኮን የጠጣ ነው። «ቆዳው ደርቋል» ተብሎ የምግብ ዘይት ፈስሶበታል። ሁሉም የቆዳውን ቀዳዳዎች ሞልተው ተቀምጠዋል። በዚያ ላይ የሚቀባ የውኃ ቀለም ቆዳውን አይነካም፤ ሰሙ ላይ ተንሳፍፎ ይደርቃል። ሲሊኮን ካለማ ቀለሙ ገና እርጥብ ሳለ እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ዓይኖች ይተዋል። ያን ዓይን ካያችሁ ወዲያው አቁማችሁ ጥረጉት። ሁለተኛ እጅ፣ ማለትም ሁለተኛ ዙር ቅብ፣ ዓይኑን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሥራውን በጣም የሚያበላሸው ደግሞ ከቀለም በፊት «ቆዳውን መመገብ» ነው። ማለስለሻ ቅባት የሚቀባው ቀለሙና ማሸጊያው ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው በገዛ እጁ መላጡን አዘጋጅቷል።

መፍትሄው ሁሉንም አውርዶ እንደገና መጀመር ነው። ከላይ መደራረብ አያዋጣም። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ በቆዳ ማጽጃ አረፋና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት። የለፋ ቆዳ በተፈጥሮው አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ይሆናል። የልብስ ሳሙና፣ አሞኒያና የመጋገሪያ ሶዳ የዚያ ተቃራኒ ናቸው፤ ቆዳውን ያደርቁታል፣ ያደነድኑታልም። ታጥቦ 12 ሰዓት ያህል በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣ።

ቀጥሎ ሰሙን አውጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በአልኮል ብቻ ጠርጎ ያልፋል፤ አልኮል ግን ሰምንና ሲሊኮንን በደንብ አያሟሟም። ዋይት ስፒሪት (ከነዳጅ የሚወጣ የቀለም ማቅጠኛ) የነካው ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል። ጨርቁን በየጊዜው እየለወጣችሁ ጥረጉ። በአንድ ጨርቅ መላውን ቦርሳ መጥረግ ሰሙን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

ከዚያ የድሮው ማሸጊያ ይነሣል። 1 ክፍል አሴቶን ከ2 ክፍል አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ቀላቅሉ። ጨርቁን አርሳችሁ ጨምቁት፤ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። በአንድ ጊዜ 10 በ10 ሴንቲሜትር የሚሆን ቦታ ብቻ ውሰዱና ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ። አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ፊቱ ደብዘዝ ሲል ይበቃል። ቀለሙን በሙሉ ከቆዳው ለማውጣት አትታገሉ፤ ዓላማው ልቅ የሆነውን ማንሣትና አዲሱ የሚይዘው ሸካራ ፊት ማግኘት ነው። የቆዳው ጭረት (ቆዳው የተሠራበት ክር መሰል ነገር) እንደ ጥጥ መነሣት ከጀመረ አልፋችኋል፤ ያ ቦታ ከእንግዲህ የሚስተካከለው በመሙያ ነው።

አሴቶን ላይ ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ አንዱም የሚታለፍ አይደለም። ትነቱ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ እሳት፣ ሲጋራ፣ ምድጃ አጠገቡ አይኑር፤ የፀጉር ማድረቂያም ትነቱ ከክፍሉ ሳይወጣ አይብራ። መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ስስ የናይትራይል ጓንት አሴቶንን ለረጅም ጊዜ አይቋቋምም፤ ሲነካው ቀይሩት። ፕላስቲክ ያሟሟል፤ በ1950ዎቹ የተሠሩ ቦርሳዎች ላይ የሚገኙ የአክሪሊክ እጀታዎችና መዝጊያዎች በአንድ ጠብታ ለዘለዓለም ይደበዝዛሉ። የወርቅ መልክ ያላቸው ብረቶች ላይ ያለውን መከላከያ ቅብም ያነሣል። ስፌቱ አጠገብ የተለጠፈውን ማስቲሽም ይፈታዋል፤ ስለዚህ ስፌት ዳር የጥጥ እንጨት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ በ600 ከዚያም በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በደረቁ፣ ሳይጫኑ፣ ፊቱ በቀላሉ ይታሽ። አቧራው አልኮል በነካው ጨርቅ ይነሣ። አሁን ፈተናው፦ ውኃ የነካ ጥጥ በቆዳው ላይ ጎትቱ። ውኃው ተዘርግቶ ቆዳው ቀስ ብሎ ከጠቆረ ወይም እንደ ስስ ፊልም ከቆየ ዝግጁ ነው። አንድ ቦታ እንኳ ወደ እንክብል ከተሰበሰበ ወደ ዋይት ስፒሪቱ ተመለሱ። ሌላም ፈተና አለ፤ ፕላስተር ለጥፋችሁ በፍጥነት ንቀሉ። የድሮ ቀለም ይዞ ከመጣ ሥሩ ገና ልቅ ነው። ሁለቱ ፈተናዎች የሚወስዱት አምስት ደቂቃ ነው፤ የሚያድኑት የሁለት ቀን ሥራ።

ቀለሙ ሲቀባ የመጀመሪያው እጅ ከ10 እስከ 20 በመቶ ውኃ ተጨምሮበት ይቅጠን፤ ወደ ቆዳው የሚሰርገው እሱ ነው። ስፖንጁ ተጨምቆ ደረቅ ሊመስል ይገባል። የመጀመሪያው እጅ ገርጣ ያለ፣ ወጣ ገባና አስቀያሚ ይሆናል። እንዲያ መሆን አለበት። በአንድ እጅ ለመሸፈን የሚጓጓ ሰው ወፍራም ቅብ ይጥላል፤ የወፍራም ቅብ ላዩ ቶሎ ሲደርቅ ውኃው ከሥሩ ይታፈናል፣ በኋላ ሲወጣ ሽፋኑ ይሸበሸባል፤ ቦርሳው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከ4 እስከ 6 ስስ እጅ፣ በየመሐሉ 20 እና 30 ደቂቃ፣ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሳይቆም እየተንቀሳቀሰ። በእፅዋት ቅመም የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይኮማተራል፤ ያረጀው ከዚያም በታች። የተኮማተረ ቆዳ አይመለስም። በየሁለት እጁ ቦርሳውን እጠፉና ዘርጉት፤ የሚሰነጠቅ ከሆነ አሁኑኑ ይታይ። ለመካከለኛ ቦርሳ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ቀለም ይበቃል። ከዚያ በላይ እየጨረሳችሁ ከሆነ እያወፈራችሁ ነው።

ሌሊት ያድርና ማሸጊያው ይከተላል። ለገላው 2 ወይም 3 ስስ እጅ፣ ለእጀታውና ለማዕዘኖቹ 4። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ መጠኑን አምራቹ ባዘዘው ልክ በሲሪንጅ ለኩ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። የተቀላቀለው ዕቃው ውስጥ እንዳለ መጠንከር ይጀምራል፤ የተረፈው ወደ ጠርሙሱ አይመለስ። አንዳንዱ ማጠንከሪያ አይሶሳይኔት (ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል) አለበት፤ በመርጫ የሚረጭ ሰው የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭምብል ያድርግ። የአቧራ ጭምብል ከእሱ አያድንም። ከዚያ 72 ሰዓት ቦርሳው አይነካ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ሳምንት ቆይቶ ነው። ቅርጹን እንዲይዝ የሚጠቀጠቅበት ወረቀት ነጭ ይሁን። የጋዜጣ ቀለም ገበሩ ላይ ይታተማል።

ደጋግመው ከሚመጡት የባሱት እነዚህ ናቸው። ለብረት በተሠራ የሚረጭ ቀለም የተነፋ ቦርሳ፤ ክዳኑ መጀመሪያ ሲከፈት ይፈነካከታል፣ ሲወርድም የቆዳውን ፊት ይዞ ይወርዳል። ለግድግዳ በተሠራ ቀለም የተቀባ፤ ከቆዳው ጋር አይለጠጥም፣ ማጠፊያው ላይ ይረግፋል። የተላጠው እንዳይታይ በጥቁር የጫማ ቀለም የተሸፈነ ጥቁር ቦርሳ፤ ሰሙ በስንጥቁ ገብቶ ቀለሙ ሥር ተኝቷልና ማጽዳቱ እጥፍ ይወስዳል። ሦስቱም ላይ ሥራው ከቆዳው ይልቅ ከቀደመው ሠራተኛ ጥፋት ጋር ነው።

እጀታው ብቻ የሚላጥ ከሆነ

ገላው ደህና ሆኖ እጀታው ብቻ ከተነሣ፣ ምክንያቱ የእጅ ቅባትና ላብ ነው። ለዓመታት የተያዘ እጀታ ቅባቱን እስከ ውስጡ ጠጥቷል፤ ላዩ ቢጸዳም ሲሞቅ ተመልሶ ይወጣል። ቅባት ማውጫ ቀቡና የበቆሎ ስታርች ነስንሱበት፣ ሌሊት ይደር፣ ጠዋት በብሩሽ ይራገፍ። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጉት። ጥቁር ወዝ ብቅ ካለ ድገሙ። በሦስተኛውም ከወጣ እጀታውን ቀይሩት፤ በዚያ ላይ የተቀባ ቀለም አይቆይም። ለባለቤቱም በግልጽ ይነገር፦ የእጅ ክሬምና አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ሳይደርቅ እጀታ አይያዝ። ማጽጃው ውስጥ ያለው አልኮል ማሸጊያውን ያለሰልሰዋል፤ ሥራው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን።

ቀለሙ ልብስ ላይ ይለቃል

የአልኮል ማቅለሚያ ተጠቅመው ትርፉን ሳይጠርጉ ያሸጉት ነው። ማቅለሚያ ወደ ቆዳው ይሰርጋል እንጂ አይሸፍንም፤ የቆዳው ፊት በድሮ ሽፋን ከተዘጋ ደግሞ የሚሰርግበት አጥቶ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ነጭ ጨርቅ ምንም እስኪያጣ ድረስ በደረቁ ጥረጉ። ከዚያ ማሸጊያውን በመርጫ ወይም በጣም በቀላል ዳበሳ ጣሉ፤ በስፖንጅ ከታሸ ማቅለሚያው ከማሸጊያው ጋር ይቀላቀላል። ሲደርቅ በደረቅ ነጭ ጨርቅ 10 ጊዜ፣ በእርጥብ 10 ጊዜ አሹት። ጨርቁ ከተነካ ቦርሳው ለባለቤቱ አይሰጥ።

ቀይ ወይም ቡኒ ቦርሳን ነጭ ማድረግ የሚፈልግ ብዙ ነው። ከሥር ያለው ማቅለሚያ በጊዜ ወደ ላይ እየሰረገ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። ከቀለሙ በፊት የሚከላከል መነሻ ቅብ ያዘገየዋል። ቀድሞ ወደነበረው ቀለም ወይም ወደ ጠቆረው መሄድ ግን ሁልጊዜ ይሻላል፤ ሲፋቅም የሚታየው ትንሽ ነው።

ቀለሙ አልገጠመም

እርጥብ ቀለም አይታመንም፤ ማያያዣው (የቀለሙን ቅንጣቶች የሚያጣብቀው ፈሳሽ) ወተት መልክ ስላለው ሲደርቅ ይጠቁራል። ጠብታውን ቆዳው ላይ አድርቃችሁ፣ በቀን ብርሃን አወዳድሩ። በአምፖል የገጠመ በመስኮት ላይገጥም ይችላል። ጥቁር የሚጨመረው በጥርስ እንጨት ጫፍ ነው።

ስንጥቅ

ስንጥቁ ላዩ ላይ ብቻ ነው ወይስ ጭረቱን ቆርጧል? ቦርሳውን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ክፈቱት። ውስጡ የገላው ቀለም ካለው ሽፋኑ ነው፤ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ዳሩን ዝቅ ማድረግና የቆዳ መሙያ በስስ ስስ መሙላት ይበቃል። እያንዳንዱ እጅ ይድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፣ ይደገም። አንድ ጊዜ የተሞላ ጥልቅ ስንጥቅ ሲደርቅ ይሰምጣል። ጥሬ፣ ፀጉር የመሰለ ጭረት ከታየ ግን መሙያ ብቻውን አይችለውም፤ ገበሩ ተፈትቶ ከጀርባ ስስ ጨርቅ በተለጣጭ ማጣበቂያ መለጠፍ አለበት። የእንጨት ስቱኮ ቆዳ ውስጥ አይግባ፤ ሲታጠፍ ይፈረፈራል፣ ዳር ዳሩንም ይቀድዳል።

ማዕዘን ላይ የሚያልፈው ቀጭን ቱቦ (ገመድ የተጠቀለለበት የቆዳ ጠርዝ) ከተበላ ውስጡ ያለው ገመድ ይታያል። ተበልቶ ያለቀ ቱቦ ላይ መሙያ መከመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ስስ ቆዳ መልበስ አለበት።

የጠርዝ ቀለም (የቆዳው የተቆረጠ ዳር ላይ የሚቀባው) ሲሰነጠቅ ወይም ሲጣበቅ በድሮው ላይ አትደርቡ። በስለት አንሡ፣ በ320 ከዚያ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ 3 ወይም 4 ስስ እጅ ጣሉ፣ በየመሐሉም በብርጭቆ ወረቀት አሹ። የጠርዝ ቀለም ተበላሽቶ የሚያጣብቅ ሆኖ ሳለ በላዩ የተጣለ አዲስ ቀለም አይደርቅም።

ነጭ ነገር ላዩ ላይ ይወጣል

ሁሉም ሻጋታ ነው ብሎ ይደነግጣል። የፀጉር ማድረቂያውን ለብ አድርጋችሁ አስጠጉት። ቀልጦ ከጠፋ ከቆዳው የወጣ ስብ ነው፤ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ዋይት ስፒሪት ይነሣል። ሳይቀልጥ በእርጥብ ጨርቅ ከሟሟ ጨው ነው። ሁለቱም ካልሆነና የሻገተ ሽታ ካለው ሻጋታ ነው። ደጅ ይወሰድ፣ ጭምብል ይደረግ፣ በደረቁ ይነሣ፣ 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካው ጨርቅ ገበሩ ጭምር ይጠረግ፣ ፈጥኖ ይድረቅ። ሻጋታ ያለበትን በብሩሽ ክፍል ውስጥ ማራገፍ ዘሩን ሌሎች ቦርሳዎች ላይ መበተን ነው።

ውስጡ ይጣበቃል

የኪሱ ገበር ፖሊዩሬቴን ከሆነ በእርጥበትና በዕድሜ ፈርሷል። ዱቄት መነስነስ ለቀናት ያደርቀዋል፣ ከዚያ ይመለሳል። መድኃኒቱ ገበሩን አውጥቶ መቀየር ብቻ ነው። ላዩም «ቆዳ» ተብሎ በቁርጥራጭ የሚረግፍ፣ ከሥሩ የጨርቅ ድር የሚታይ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ ቀለም አታባክኑበት።

ሪቬቱ (ቆዳውን የሚያያይዘው የብረት ቁልፍ) ዙሪያ አረንጓዴ

በናሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከቆዳው ስብ ጋር ተዋህዶ የወጣ ነው። በእንጨት ጫፍ ጫሩት፣ ደረቅ ጨርቅ ይጨርሰው። የብረት ማብረቂያ ቆዳው ላይ ካረፈ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ሪቬቱ ዙሪያ ዘይት አትጨምሩ፤ አረንጓዴው የሚበላው እሱን ነው።

ሌሎች፣ እምብዛም የማይገጥሙ፦ የሚያንጸባርቅ ቫርኒሽ ቆዳ በተራ የቆዳ ቀለም አይታደስም። ፀጉራማው ቆዳ (ሱዊድ) ላይ የሚሸፍን ቀለም አይቀባም፤ ለእሱ የተሠራ ማቅለሚያ ብቻ። የእስክሪብቶ መስመር በአልኮል ሲነሣ ሽፋኑም አብሮ ይነሣል፤ ከቀለም ሥራ በፊት እንጂ በኋላ አይሞከር። የሻገተ ሽታ በከሰል ይወጣል፤ ሶዳ ግን ገበሩ ላይ አይነስነስ፣ በዕቃ ይቀመጥ።

በእፅዋት ቅመም በለፋ በጣም ያረጀ ቆዳ ላይ ደግሞ፣ ሲነካ ቀይ ዱቄት ሆኖ ጣት ላይ የሚቀር ብልሽት ይታያል። ቆዳው በውስጡ በተከማቸ አሲድ ተበልቷል። ውኃ አታስነኩት፤ ይጠቁራል፣ ይደነድናል። በአልኮል የሟሟ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ (ከሴሉሎስ የሚሠራ ማያያዣ)፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ፣ ዱቄቱን ያስራል። የተበላውን ቆዳ ግን አይመልስም፤ ቦርሳው ከዚያ በኋላ ለመደርደሪያ ነው፣ ክብደት አይሸከምም።